የአቶ እርሻው ስም በቀይ ቀለም

አስማማው፣ የቤቴ ጌታ፣

እንደምን አለህ ብል ከሄድክበት አገር መልስ የሚያመጣ መልእክተኛ የለምና ቀጥታ ወደ ወሬዬ ልግባ። ከተለያየን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። አርባህም ሙት ዓመትህም እንደ ወጉ ወጥቷል፤ ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄዷል። እኔ ብርድ ሲመጣ ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል እንጂ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በቤታችን አንድ ነገር ስለ ተደረገ ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። የጎረቤቶቻችንን አፍ አንተም ታውቀዋለህ፤ ፍየሏን በሬ አድርገው ነው የሚያወሩት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ደጃችን ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። የጓሮውን ትልቁን ባሕር ዛፍ አስቆርጬ የሚያፈሰውን ጣራ አስጠገንኩበት። «ይህ ዛፍ እኔ ሳልሞት አይቆረጥም» ትል ነበር፤ ቃልህን አላፈረስኩም። ልጃችን ማስተዋል፣ አንተ ምን ይሠራልሻል እያልክ የሳቅህበት ቻይንኛዋ እንጀራ ሆኗታል። ደብረ ኤልያስ በኩል በየገጠሩ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ቻይናውያን ታስተረጉማለች። ጧት በመኪናቸው ትሄዳለች፣ ማታ አቧራ ለብሳ ትመጣለች። ስታወራላቸው አንድ ቀን ሰምቻት፣ ይህች ልጅ ከእኔ ሆድ ነው የወጣችው ብዬ ተገረምኩ። ወደ መንገድ ያለውን ክፍልም ለእነሱ መካኒክ አከራየሁት።

አንተ የምትጽፍበትን የመስኮት ጥግ ግን ለማንም አላከራየሁም። የበግ አጎዛህም፣ ብርዖችህም፣ የቀለም ቀንዶችህም፣ ብራናው ላይ መስመር የምታሰምርበት ወስፌም እዚያው ናቸው። አቧራቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ እጠርጋለሁ። መጽሐፉን ብቻ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር።

የቱን መጽሐፍ እንደምል ታውቃለህ። የነፍስ አባታችን አባ ይባቤ ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ያዘዙህን የጸሎት መጽሐፍ ነው። እንደ ልማድህ ጥቁሩን ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው ጻፍክ፤ የእመቤታችን ስም፣ የመላእክት ስም፣ የቅዱሳን ስም የሚገባበትን ሁሉ ባዶ እየተውክ አለፍክ። ቀዩን በአንድ ብርዕና በአንድ ሱባኤ ልሞላው ነው ብለህ ነበር። ጥቁሩ ባለቀ በሳምንቱ ያ ሳልህ ጣለህ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ጥርሱ የወለቀ አፍ መስሎ ቀረ። የጸሎቱ ቃል ሁሉ አለ፤ የሚጸለይለትና የሚለመነው ስም ግን የለም።

አባ ይባቤ ከደምበጫ ሌላ ጸሐፊ አስመጥቼ ላስሞላው አሉኝ። እንዴት ተደርጎ! አልኳቸው። አንተ ጎንበስ ብለህ ዓመት ሙሉ በለፋህበት ገጽ ላይ የማላውቀው ሰው እጁን ሊያስገባ? ታዲያ አንቺ ሙይው እንዳይሉኝ ደግሞ ፈራሁ። አስታውስ፤ ስታገባኝ ፊደል አልቆጠርኩም። ከብራና ቁርጥራጭ ላይ ሀ ሁ ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ። አንድ ክረምት ሙሉ «ሐ» እና «ሠ» እየተቀላቀሉብኝ ስትታገሥ ቆይተህ፣ በመጨረሻ ትዕግሥትህ ሲያልቅ ብርዑን ወርውረህ ወጥተህ ጓሮ ጎመን ስትኮተኩት ዋልክ። ተምሬ ካበቃሁ በኋላም ቀዩን ቀለም የምበጠብጠው እኔ፣ ከአራት ነጥቡ መካከል ቀይ ነጥብ የምጥለው እኔ ነበርኩ። ደብተራዎቹ እንዳይሰሙ በር ዘግተን ነበር የምንሠራው። ነጥብ እንጂ ስም ጽፌ አላውቅም። ስም የአንተ ነበር።

እንዲህ ሳልሞላውም ሳላስሞላውም ሦስት ዓመት ያዝኩት። ዘንድሮ በሰኔ ሚካኤል አባ ይባቤ ከቅዳሴ በኋላ ጠርተው ልብ የሚያሳርፍ ነገር ነገሩኝ ብል ውሸት ነው። መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልተሞላ ለደምበጫው ጸሐፊ እሰጠዋለሁ አሉ። ሳይቆጡ ነው ያሉት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ከተቆጣ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል።

አሁን ወደ መካኒኩ ልምጣ። ስሙ ሚስተር ቲየን ይባላል። ዕድሜው ስድሳ ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጧት ተነሥቶ በረንዳውን ራሱ የሚጠርግ ሰው። ክረምቱ ሲገባ የቁፋሮው ማሽን ጭቃ ይዞት ቆመና ቤት መዋል ጀመረ። ሁለታችንም ቢጫ ጀሪካን ስላለን የእሱ ውኃና የእኔ ውኃ ይምታታ ነበር። እሱ አፍልቶ ያስቀመጠውን እኔ ልብስ አጥቤበት፣ እኔ ለልብስ ያልኩትን እሱ ጠጥቶት ሆዱን አመመው። በዚህ የተነሣ አንድ ቀን የሥራ ቆቡን አምጥቶ የቆቡ ግንባር ላይ ያለውን ምልክት በጣቱ አሳየኝ፤ ከዚያ ጀሪካኑን፣ ከዚያ ራሱን። ምልክቱ ይህ ነበር፤ 田። ማስተዋልን ብጠይቃት፣ የአባቱ የዘር ስም ነው፣ ትርጉሙም እርሻ ማለት ነው አለችኝ። ልብ ብዬ ሳየው እውነትም አራት ቦታ የተከፈለ ማሳ ነው፤ ድንበሩም አለ፣ ወሰኑም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን አቶ እርሻው ተባለ። ጎረቤቱም ያዘለት፤ እሱም አቶ እርሻው ሲሉት አቤት ማለት ለመደ።

ጀሪካኑ ላይ ምልክቱን እጽፍልሃለሁ አልኩት። ፊደል አውቅ የለ፣ አራት ማዕዘንና መስቀል ምን ይከብዳል ብዬ ነው። ከሰል አነሣሁና እንደ ልማዴ መጀመሪያ መስቀሉን አደረግሁ፤ ከዚያ ዙሪያውን አጠርኩለት። ሚስተር ቲየን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በእርጥብ ጨርቅ አጠፋው። እንደገና መስቀሉን አስቀደምኩ፤ እንደገና አጠፋው። በሦስተኛው ክፍሉ ገብቶ ወፍራም የፀጉር ብሩሽ አመጣ፣ ውኃ ነከረውና በበረንዳው ሲሚንቶ ላይ በዝግታ ጻፈልኝ። ለካ መንገድ አለው። መጀመሪያ የግራው ግድግዳ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥሎ ጣራውና የቀኙ ግድግዳ ብሩሹ ሳይነሣ በአንድ እጥፋት ይሠራሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አግድሙ ይቀድማል፣ ቁሙ ይከተላል። ወለሉ በመጨረሻ ይዘጋል። አምስት ጊዜ ነው፣ ከዚያ በላይም በታችም አይሆንም።

እኔ ግን ሳምንት ሙሉ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ ብርዕ ከማንሣትህ በፊት የምታደርገውን ስንት ዓመት ሳይ የኖርኩ ሴት መስቀል ሳላስቀድም አጥር እንዴት ልጀምር? ሚስተር ቲየን ይህን ከየት ይወቀው፣ ችኮ ሴትዮ ናት ብሎ ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻ መዳፌን ዘርግቶ በጣቱ ጻፈበት። ግድግዳ፣ ጣራ፣ አግድም፣ ቁም፣ ወለል። ያን ጊዜ ገባኝ። የሚዘራው ከታጠረ በኋላ ነው፣ በሩም የሚዘጋው ሁሉም ከገባ በኋላ ነው። ማስተዋል ከሥራ ስትመጣ በረንዳው ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ ስጽፍ አገኘችኝና ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያለች ሳቀችብኝ።

ክረምት ስለ ነበር የውኃው ጽሑፍ ቶሎ አይደርቅም። ጽፌ ጥጤን እየፈተልኩ ከዳሩ ጀምሮ ሲጠፋ አየው ነበር። የአንተን ብርዕ ለለመደ እጅ ብሩሹ መጥፎ ነው፤ ሲጫኑት ይሰፋል፣ ሲለቁት ይቀጥናል፣ እንደ አኩራፊ ልጅ አያያዝ ያስፈልገዋል። ግን አስማማው፣ አንተን ከቀበርን ወዲህ እጄ ፊደል ሲጽፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሳላውቀው ነው የጀመርኩት። አውቄው ቢሆን አልጀምርም ነበር። የባዕድ ፊደል ስለሆነ፣ አንተ በውስጡ ስለሌለህ ነው የደፈርኩት። አንድ ቀን አምስቱም ጭረቶች ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ደስ አለኝና፣ ለአንተ ላሳይህ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጥግህን ባዶ አየሁ። ያን ዕለት ከዚያ በላይ አልጻፍኩም።

ካወቅሁት በኋላ ግን ማን ይቻለኝ! ጀሪካኑ ላይ በጥቁር ቀለም ጻፍኩ። የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ጻፍኩ። ዶማው እጀታ ላይም ጻፍኩ፣ ያውም የራሳችን ዶማ ነበር። ደብረ ኤልያስ ያለው መሬታችን የሚያመጣልን ጤፍና ከገበያ የተገዛው እንዳይቀላቀል፣ የእርሻችን በሆነው ጆንያ ላይ ሁሉ ያንኑ ምልክት አደረግሁበት፤ እርሻ ማለት አይደል? ሚስተር ቲየን ጎተራችን ደጃፍ ሲያልፍ ጆንያዎቹን አየና ቆሞ ሳቀ፤ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ትክክል ነው፣ እኛም አገር እንዲሁ ይባላል አለ። ደግሞም የሰው ቤት ጤፍ ሁሉ በዘሬ ስም ተጻፈ ብሎ ለማስተዋል ነገራት። ጎረቤቶቻችን ይታይሽ ሃይማኖት ለወጠች እንዴ እያሉ ሲያሙኝ ሰነበቱ። እኔም ጆንያ ክርስትና አይነሣም ብዬ መለስኩላቸው።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ሥራው አለቀና ሚስተር ቲየን ወደ አገሩ ሊመለስ ሆነ። ዓመት ከደጃችን የኖረን ሰው እጁን ባዶ መስደድ ነውር ነው። ምን ልስጠው ብዬ ሳስብ የአንተን የብራና ቁራጮች አስታወስኩ። መዳፍ የምታህል ንጹሕ ቁራጭ መረጥኩ። በወስፌህ መስመር አሰመርኩ። ስሙን በገዛ ፊደሉ ልጽፍለት ነው። በጥቁር ወይስ በቀይ? ለዚህ ብዙ አላሰብኩም። በጥቁር ማንም ይጻፋል፤ የሚከበር ስም በቀይ ነው፤ ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ጧት ታጥቤ ቀዩን ቀለም በጠበጥኩ። ሦስት ዓመት ደርቆ የነበረው ቀንድ እንደገና ረጠበ። ግድግዳ፣ ጣራ፣ አግድም፣ ቁም፣ ወለል። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ነገር በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም።

ጎረቤት ጠርተን ምሳ አበላነው። ከምሳ በኋላ በክር ያሰርኩትን ጥቅል ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ፈታው፣ አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። ብራናውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አኖረና ወደ በረንዳው ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። እኔ መሳሳቴ መስሎኝ ጭረቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አምስት ናቸው። የጎደለ የለም። ማስተዋል ተከትላው ወጣች፤ ተመልሳ በጆሮዬ ስትነግረኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በእነሱ አገር በሕይወት ያለ ሰው ስም በቀይ አይጻፍም። እንዲያ አድርጎ መጻፍ ሞቱን መጥራት ነው። ቋንቋቸውን ተምሬያለሁ የምትለው ልጃችንም ይህን አልሰማችም ነበር፤ ትምህርት ቤት ሁሉን ነገር አያስተምርም። አክብሬው፣ የመርዶ ደብዳቤ ጽፌ በሰው ፊት ሰጠሁት። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ብራናውን ልቀድ ብዬ አነሣሁት፤ የአንተ ብራና ስለሆነ እጄ አልጨከነም።

ከቆይታ በኋላ ሚስተር ቲየን ገባና ተቀመጠ። ይቅርታ ልጠይቀው ስነሣ እጁን ወደ ታች እያደረገ አስቀመጠኝ። ከዚያ ለማስተዋል ቀስ ብሎ ነገራት፣ እሷም ለእኔ። በመንደራቸው የባልና የሚስት ስም በአንድ የመቃብር ድንጋይ ላይ ይቀረጻል። አንዱ ቀድሞ ሲሞት የሁለቱም ስም ያኔውኑ ይቀረጻል፤ የሞተው በጥቁር ይሞላል፣ ያለው ደግሞ ጊዜው እስኪደርስ በቀይ ይቆያል። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ስትሞት እሱ እንደ ዛሬው በሌላ አገር ሥራ ላይ ነበር። ቀብሯ አልደረሰም። ወንድሙ ድንጋዩን አሠርቶ ቆየውና ሲደርስ የሷን ስም በጥቁር፣ አጠገቡ የራሱን ስም በቀይ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ስሙን በቀይ ያየው ዛሬ ነው። አልተቆጣሁም፣ ድንጋዩ ፊት የቆምኩ መሰለኝ አለ።

አስማማው፣ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል። እኔም አዝኛለሁ። ነገር ግን ከአንተ ምን እደብቃለሁ፣ ከኀዘኑ በፊት የተሰማኝ ቅናት ነው። የሱ ስም ከሚስቱ አጠገብ አለ። የትም አገር ቢሄድ፣ የትኛውም ማሽን ሥር ተጋድሞ ቢውል፣ ስሙ እዚያ ከጎኗ ተቀምጧል። አንተ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከካህናቱ ጋር ተኝተሃል፤ አንድ የእንጨት መስቀል አለህ። እኔ የት ነኝ? ሠላሳ ዓመት ቀለም በጠበጥኩልህ፣ አንድም ቦታ ላይ የለሁም። ነጥብ ነኝ። ይህን በልቤ አልኩና ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ተነሥቼ ሣጥኑን ከፈትኩ። በክፋት የጻፍኩበት እንዳይመስለው፣ ቀይ ለእኛ ምን እንደሆነ ላሳየው ብዬ ነው። ሳልነግረው ሄዶ እጁን ታጥቦ መጣ። መጽሐፉን አጎዛህ ላይ ዘረጋሁለት። ከሦስት ዓመት በኋላ ጽሑፍህን አየሁት፤ ሸክፈህ የምትጽፋት «መ» አሁንም እንዳንተው ኮራ ብላ ተቀምጣለች። ቀይ የሚገባው ለእመቤታችን፣ ለመላእክት፣ ለቅዱሳን፣ መጽሐፉን ላስጻፈውና ለጻፈው ሰው እንደሆነ ማስተዋል አስረዳችው። ክብር ነው፣ ሕይወት ነው፣ መርገም አይደለም አለችው። እሱ ግን የሚያየው ባዶዎቹን ቦታዎች ነበር። ለምን ባዶ ሆኑ አለ። ባሌ ሳይሞላቸው ሞተ አልኩት። ማን ይሞላቸዋል አለ። የሚሞላ ሰው የለም አልኩት። ከጠረጴዛው ላይ ያንን ቁራጭ ብራና አነሣና፣ ይህን የጻፈው ማን ነው ሲል ጠየቀኝ።

መልሴን ሳይጠብቅ ብራናውን ጠቅልሎ በሸሚዙ ኪስ ከተተው። አይዞሽ፣ አትጣይው፣ ለሚስቴ ላሳያት እወስደዋለሁ አለ። በማግስቱ ጧት የደጀን መኪና ላይ ሸኘነው። ለመሰናበት ጎንበስ ሲል እኔም ጎንበስ አልኩ፤ ግንባራችን ሊጋጭ ሲል ማስተዋል በሳቅ ሞተች።

ከሰዓት በኋላ አባ ይባቤ ዘንድ ሄድኩ። ላያዘልቁ ጸሎት ለቅስፈት ይላሉና፣ ጀምሬ ባበላሸውስ፣ ደግሞስ የሴት እጅ ይፈቀዳል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አባ ይባቤ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ነጥቡን ስትጥይ መጽሐፉ ካልረከሰ፣ ስሙን ስትጽፊ አይረክስም አሉኝ። ክው አልኩ። ለካ ነግረሃቸዋል! ያን ሁሉ ዓመት በሩን እየዘጋን፣ እኔ የሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀንዱን ከቀሚሴ ሥር እየደበቅሁ፣ አንተ ለካ ለነፍስ አባትህ ዘርዝረህ ነግረህ ኖሯል። ያውም እሳቸው እንዳሉኝ፣ የእኔ ነጥብ ከአንተ ነጥብ ይበልጥ ክብ ነው ብለህ። ይህን በሕይወትህ ሳለህ ለእኔ ብትለኝ ምን ነበረበት? ጎጃሜ ሚስቱን የሚያመሰግነው ለቄስ ነው መሰለኝ። ጾሚ፣ ታጠቢ፣ ጻፊ አሉኝና ባረኩኝ።

ጽጌን ጾሜ፣ በየጧቱ የመስኮቱ ጥግ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ማርያም የሚለውን ነው። «ማ»ን ጀምሬ ብርዑ ቀለም ተፋብኝ፤ በምላጭ ፍቄ እንደገና ጻፍኩ። አጎዛህ ላይ መቀመጥ ራሱ ሥራ ነው፣ እንዴት ወገብህን እንደቻልከው አሁን ነው የገባኝ። ወገቤን ነቀነቀኝ ስትለኝ፣ ተቀምጦ የሚውል ሰው ምን ያመዋል ያልኩህን ይቅር በለኝ። ገጽ በገጽ ሄድኩ። በአንዳንዱ ገጽ አንድ ስም ብቻ ይጎድላል፣ በአንዳንዱ መስመር ለመስመር። ስጽፍ የጭረቱን ተራ ልብ ማለት ለምጄ ነበር፣ የቱ ይቀድማል፣ የቱ ይዘጋል እያልኩ። ሚስተር ቲየን ይህን ትቶልኝ ሄዷል፤ አንተ በልማድ የምታደርገውን እኔ በቁጥር ነው የማደርገው። ፊደሌ ከአንተ ያጥራል፣ ወርዱም ይሰፋል። አስተዋይ ሰው ካየው ሁለት እጅ እንደ ጻፈው ያውቃል። መጀመሪያ ይህ አሳፍሮኝ ነበር፤ እያደር ግን ወደድኩት።

ትናንት መጨረሻው ቅጠል ደረስኩ። ከሞትክ ወዲህ እዚያ ድረስ ገልጬ አላውቅም ነበር። የጸሐፊው ጸሎት ያለበት ነው። አንባቢው እንዳይረሳህ በጥቁር «ለጸሐፊሁ» ብለህ ለራስህ ስም ቦታ ትተሃል። ይህ እንደሚኖር አውቅ ነበርና ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። የክርስትና ስምህን፣ ወልደ ሚካኤልን፣ በቀይ ጻፍኩ፤ በመጽሐፉ ሁሉ ከጻፍኩት የሚያምረው እሱ ነው ብል ትዕቢት አይሁንብኝ። ከዚያ መስመሩ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። «ወለብእሲቱ» ይላል፣ በአንተ እጅ። ለሚስቱም። ከእሱም በኋላ ሌላ ባዶ ቦታ አለ።

ብርዑን አስቀመጥኩና አለቀስኩ። ቀብርህ ላይ ሰው እያየኝ አልቅሻለሁ፤ የትናንቱ ግን የእኔና የአንተ ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሣጥን ቆልፌ የት ነኝ ስልህ፣ አንተ እዚያው ሣጥን ውስጥ ቦታ ይዘህልኝ ኖረሃል።

መጽሐፉን ለኅዳር ሚካኤል በራሴ እጅ ተሸክሜ እወስደዋለሁ። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን በተነበበ ቁጥር አንተ ትጠራለህ፤ ማንም ባያነበው እንኳ እኔ በየጧቱ ጥግህን ስጠርግ ስምህን እጠራለሁ። እስከ ዕለቴ ድረስ አንድም ጧት አልዘልም፤ ይህን ቃሌን ያዝልኝ።

እንባዬን ጠርጌ እጄን እንደገና ታጥቤ ተመለስኩ። ባዶውን ቦታ በጣቴ ለካሁት። አገሩ ሁሉ ለሚጠራኝ ስም፣ ለይታይሽ፣ በጣም ይሰፋል። ያኛውን ስሜን ጻፍኩ፤ አንተና የነፍስ አባቴ ብቻ የምታውቁትን። አልጠበበውም፣ አልሰፋውም፤ የመጨረሻዋ ፊደል ከድንበሩ ላይ ገብታ ልክ ሆነች።

ሚስትህ፣
ወለተ ኪዳን